«በኮፒ ቤት ያስሞላ አይስተናገድም» ላላችሁን፦ ግልጽ ደብዳቤ ከደሴ

ይድረስ፦ አገልግሎታቸውን በኢንተርኔት ለሚሰጡ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በሙሉ

ጉዳዩ፦ ሰልፉ ከእናንተ በር ወደ እኛ በር መዞሩን ስለማሳወቅ

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

በቅድሚያ ሰላምታችን ይድረሳችሁ። ይህን ደብዳቤ በደሴ ከተማ በኮፒ ቤት፣ በጽሕፈትና በኮምፒውተር ጥገና የምንተዳደር ሰዎች ተነጋግረንበታል። ኪቦርዱን ለእኔ የሰጡኝ የኮምፒውተር ፍቅር የበረታብኝ እኔ ስለሆንኩ ነው። «አንተ ሁሌ የምትነዘንዘውን ዛሬ ጻፈው» አሉኝ።

ነገሩን ያመጣው አንድ ወረቀት ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ መሥሪያ ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ በሩ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። አገልግሎቱ ሙሉ በሙሉ ኦንላይን ሆኗል፣ ተገልጋይ ፎርሙን ራሱ ይሙላ፣ በደላላና በኮፒ ቤት አስሞልቶ የመጣ አይስተናገድም ይላል። የሚያስቀው፣ ማስታወቂያው የተባዛው እኛው ሰፈር ነው። የተየበችውም ኮፒ ያደረገችውም የእኛው ባልደረባ ናት። «ስትተይቢው ምን አልሽ?» አልናት። «ምን እላለሁ፣ ስንት ኮፒ ነው አልኳቸው» አለችን።

ደላላ መባላችን ከፍቶናል። ግን በቃሉ ላይ ብዙ አልሟገትም። ከመሀላችን ሰው የሚያጭበረብር የለም አልልም፤ አለ፣ እናውቀዋለን። ማለት የምፈልገው ሌላ ነው። ሰው ወደ እኛ የሚመጣው ስለጠራነው አይደለም። እናንተ ዘንድ ሞክሮ ስላልሆነለት ነው።

ባለፈው ወር ከደላንታ አንድ አባት መጡ። ሌሊት ተነሥተው፣ መኪና ተሳፍረው፣ ጠዋት መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ደረሱ። ጥበቃው «አባት፣ አሁን ወረቀት ቀርቷል፤ በስልክዎ ይሙሉ» አላቸው። ስልካቸውን ከጋቢያቸው ሥር አወጡ። ባለ ቁልፍ ናት። ጥበቃው አየት አደረገና በእጁ ወደ እኛ ጠቆማቸው። ልብ በሉ፣ ወደ ኮፒ ቤት የላካቸው የእናንተው ጥበቃ ነው።

ፎርሙ ኢሜይል ይጠይቃል። አባት ኢሜይል የላቸውም። ከፈትንላቸው። ኢሜይሉ በተራው ስልክ ቁጥር ጠየቀ፣ ሰጠነው። ኮድ መጣ። ማንበብ ስለማይችሉ ስልኩን ለእኛ ሰጡን። ቀጥሎ ፓስወርድ ፍጠሩ አለ፤ ትልቅ ፊደል፣ ትንሽ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ያለበት፣ ያውም በላቲን። ፈጠርንላቸው። ከዚያ ጉርድ ፎቶ፣ ከዚያ የመታወቂያ ስካን፣ ፋይሉ ከዚህ መጠን እንዳይበልጥ፣ እንዲህ ባለ ፎርማት ብቻ። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። በመሀል መብራት ሄደና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርን። የሞላነው አልተቀመጠም ነበር። አባት ወንበሩ ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ከጦሳ የሚወርደውን ብርድ እየቻሉ ጠበቁ። በመጨረሻ «ልጄ፣ ድሮ አንድ ቀን ቆሜ እጨርስ ነበር» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

አሁን የማልኮራበትን ልናገር። መሳቢያዬ ውስጥ ባለ 50 ሉክ ደብተር አለ። በግራ ስም፣ በመሀል ኢሜይል፣ በቀኝ ፓስወርድ። ይህ ሦስተኛው ደብተር ነው፤ ሁለቱ ሞልተዋል። ሌሎቹ ኮፒ ቤቶችም ያው ናቸው። ለምን ጻፋችሁት ትሉ ይሆናል። ሰውየው በ3 ወሩ ተመልሶ «ያኔ የሞላህልኝ ምን ደረሰ?» ይለኛል። ፓስወርዱን አያውቀውም። ፓስወርድ የሚባል ነገር እንዳለው ራሱ አያውቅም። «ረስቼዋለሁ» የሚለውን ስንጫን ኮዱ የሚሄደው እኛው ወደ ከፈትነው ኢሜይል ነው። የኢሜይሉም ፓስወርድ ደብተሩ ላይ ነው። ደብተሩ ቢጠፋ የስንቱ ሰው ጉዳይ አብሮ ይጠፋል። ቢሰረቅማ ማሰብም አልፈልግ።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሲወጣ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። እንዲህ ያለ ሕግ እንዲመጣ ስንት ጊዜ ለጓደኞቼ ስለፈልፍ ኖሬያለሁ። አዋጁን አንብቤ ስጨርስ ዓይኔ መሳቢያው ላይ አረፈ። ጥፋት ከተባለ እኛም አለንበት። ግን ደብተሩን የወለደው የእናንተ ፎርም ነው። ፎርሙን የሠራው ባለሙያ በልቡ የያዘው ተገልጋይ የራሱ ስማርት ስልክ ያለው፣ ኢሜይሉን በየጠዋቱ የሚያይ፣ እንግሊዝኛ የማይከብደው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው አለ። እኛ ጋ ግን አይመጣም።

ደግሞ ሌላ መንገድ የለም እንዳትሉን። ቴሌብር በ2013 ሲጀመር በ*127# ጭምር ነው የመጣው። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ባለ ቁልፍ ስልክ ይበቃዋል። እኚያ የደላንታ አባት በዚህ መንገድ ልጃቸው የላከውን ገንዘብ ይቀበላሉ። የሚጫኗቸውን ቁጥሮች በቅደም ተከተል ይዘዋቸዋል። ማንበብ የማይችል ሰው ገንዘብ መቀበል ከቻለ «ማመልከቻዎ ደርሷል» የሚል መልእክትስ እንዴት ያቅተዋል?

ወደ ፊደል ልለፍ። እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የግል ሕመሜ ነው።

ከፎርሞቻችሁ ብዙዎቹ አሁንም በወርድ ፋይል ነው የሚለቀቁት። አውርድ፣ ሙላ፣ መልሰህ ላክ ነው ነገሩ። አንዲት መምህርት ፋይሉን በስልኳ ከፈተችው። የመጣላት የላቲን ፊደል፣ የክፍልፋይ ቁጥርና ምኑም የማይታወቅ ምልክት የተደባለቀበት ገጽ ነው። ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች፤ «ቫይረስ ገባብኝ መሰለኝ» አለች። ቫይረስ አይደለም። በድሮ ፎንት የተጻፈ አማርኛ ነው።

ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም። የሚያውቀው ቁጥር ነው። ዩኒኮድ የሚባለው ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር የሚሰጥ የጋራ ሥርዓት ነው፤ በእሱ «ሀ» 4608 ናት፣ «የ» ደግሞ 4840። ደሴም ሆነ ሪያድ፣ ዋሽንግተንም ሆነ ቴል አቪቭ ቁጥሩ ያው ነው። እኛ ጋ በብዛት በሚመጡት የድሮ ፎንቶች ግን «የ» የተቀመጠችው 190 ላይ ነው። ያ ቁጥር ደግሞ ለሌላው ዓለም የሦስት አራተኛ ምልክት ነው። ፎንቱ የተጫነበት ኮምፒውተር ላይ «የ» ሆና ትታያለች፤ ያልተጫነበት ላይ ሦስት አራተኛ ትሆናለች። እናንተ ጽፋችሁ ያያችሁት አማርኛ ነው። የላካችሁት ግን አማርኛ አይደለም። የአማርኛ ልብስ የለበሰ ላቲን ነው።

የድሮዎቹን ሶፍትዌሮች አልነቅፍም። ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባይኖሩ የእኛ ሙያ ራሱ አይኖርም ነበር። እኔም መተየብ የለመድኩት በእነሱ ነው። በጊዜው መውጫው ያ ነበር። ግን ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ በ345 ቁምፊዎች ገብቷል። ዊንዶውስ ቪስታ እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ ሲቀርብ ናያላ የሚባለውን የአማርኛ ፎንት በሆዱ ይዞ ነበር። ዛሬ ኖቶና አቢሲኒካ የሚባሉት ፎንቶች በነጻ ይወርዳሉ። ኪማን የሚባለው የአማርኛ መተየቢያ በነጻ ይጫናል። በብዙ ስማርት ስልክ ላይ ያለው ጂቦርድ የሚባለው ኪቦርድም አማርኛ ይጽፋል። ፊደላችን ዩኒኮድ በገባበት ዓመት የተወለደ ልጅ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ እናንተው ጋ ሥራ ሊያመለክት መጥቷል፣ ፎርሙ ግን በድሮው ፎንት እየጠበቀው ነው።

ለምን እንደሆነ አንዲት ጸሐፊ ጠይቄያለሁ። መልሷ ቅን ነበር። «አዲስ ደብዳቤ ከባዶ አንጽፍም። የዱሮውን ከፍተን፣ ስምና ቀን ቀይረን፣ ሌላ ስም ሰጥተን እናስቀምጠዋለን» አለችኝ። አንድ ሰው ከ20 ዓመት በፊት የጻፈው ደብዳቤ ነው እስከ ዛሬ እየተዋለደ ያለው።

ይህን ያየ ሌላ መሥሪያ ቤት ደግሞ መላ አገኘሁ አለ። ደብዳቤውን ያትማል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ፎቶ ያነሣዋል፣ ቴሌግራም ላይ ይለቅቀዋል። ያውም ተንጋድዶ፣ በጠርዙ የአንሺው አውራ ጣት እየታየ። ፎንቱ አልተበላሸም፣ እውነት ነው። ግን አሁን ጽሑፍ ሳይሆን ሥዕል ነው። አይፈለግም፣ አይገለበጥም። አምና የወጣ መመሪያ የሚፈልግ ሰው ሲመጣ አንድ ሺህ ፎቶ በጣቴ ወደ ላይ እየገፋሁ ነው የማገኝለት። ቴሰራክት የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አለ፤ የአማርኛ ፎቶን ወደ ጽሑፍ ይመልሳል። ደህና እየሠራ ቆይቶ ማኅተሙ ያረፈበት መስመር ላይ ሲደርስ ይቀባጥራል። ማኅተሙ ደግሞ ምን እንደሚያደርገው አላውቅም፣ ሁሌ ዋናው ቁጥር ላይ ነው የሚያርፈው።

ሥዕል መሆኑ ከማንም በላይ የሚጎዳውን ልንገራችሁ። ማየት የተሳነው አንድ የሕግ ተማሪ ደንበኛችን አለ። ኤንቪዲኤ በሚባል ነጻ ስክሪን ሪደር፣ ማለትም በስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ሶፍትዌር ነው የሚያነበው። አማርኛውን ኢስፒክ የሚባለው ድምፅ ያነብለታል። ድምፁ የቆርቆሮ ነው፣ ግን እሱ ለምዶታል፤ እኔ ከማነበው በእጥፍ ፍጥነት ያስነብበዋል። በትክክል የተየበ ጽሑፍ ካገኘ የማንም እርዳታ አያስፈልገውም። የእናንተን ማስታወቂያ ሲከፍት ግን ማሽኑ «ምስል» ብሎ ዝም ይላል። ያኔ ወደ እኛ ይመጣል። እኛ እናነብለታለን፣ ወይም ከመጀመሪያው እንተይብለታለን። እኔ አላስከፍለውም፤ እሱ ደግሞ በነጻ ሲሆን ደስ አይለውም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትን እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች። አንቀጽ 9 መረጃንና ኢንተርኔትን ተደራሽ ማድረግን በስም ጠርቶ ያስገድዳል። አንቀጹን ያሳየኝ እሱ ነው።

ቀንና ሰዓት ላይ እንምጣ። አንዲት እናት ልጃቸው የተወለደችው ጳጉሜን 3 ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሞላ የሚለው ፎርም ላይ ወር መምረጫውን ስንከፍት ከመስከረም እስከ ነሐሴ 12 ወር ብቻ አለ። ጳጉሜን የለችም። የአገሩ ፎርም የአገሩን 13ኛ ወር ረስቷታል። ስልክ ደወልን። «ነሐሴ 30 ብለህ ሙላው» ተባልን። ሞላነው። ልጅቷ ግን የክትባት ካርዷ ላይ ጳጉሜን 3 ነው። ነገ ትምህርት ቤት ስትመዘገብ «የትኛው ነው ትክክሉ?» የሚላት ሰው አይጠፋም። እንደ ባለሙያ የሚያናድደኝ፣ ክሮምም ፋየርፎክስም የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ከነጳጉሜኑ በውስጣቸው መያዛቸው ነው። ፕሮግራመሩ ቀኑን ለብራውዘሩ ቢተውለት ጳጉሜን ራሷ ትመጣ ነበር።

ሰዓቱ ደግሞ የልጅ ዕድል በላ። የሥራ ማስታወቂያው በአማርኛ «ምዝገባው በ6:00 ሰዓት ይዘጋል» ይላል። ልጁ እስከ ቀትር ነው ብሎ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እኛ ጋ መጣ። ተዘግቷል። ሲስተሙ 6:00 ያለው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ በእኛ ከንጋቱ 12 ሰዓት መሆኑ ነው። ማስታወቂያውን የጻፈው ሰውና ሲስተሙን የሠራው ሰው አንድ ቀን እንኳ ተገናኝተው ሻይ አልጠጡም ማለት ነው። ልጁ አልጮኸም። ፋይሉን ሰብስቦ ወጣ።

ስማችንስ? አባት ሚድል ኔም፣ አያት ላስት ኔም ሆነዋል። እሺ፣ ለምደነዋል። ግን ለምን በላቲን ብቻ? «ጽጌ» የምትባል ልጅ መታወቂያዋ ላይ በ«ቲ» እና «ኤስ» ትጀምራለች፣ የትምህርት ማስረጃዋ ላይ በ«ቲ» ብቻ። ሲስተሙ ሁለት ሰው ናት ይላታል። በአማርኛው እኮ አንድ ናት! በአማርኛም ቢሆን «ጸ» እና «ፀ»፣ «ሀ» እና «ኃ» ሊለያዩ ይችላሉ። ይህ ግን ፍለጋው ላይ ሞክሼዎቹን እንደ አንድ እንዲያይ በማድረግ የሚፈታ ነው። የከሰዓት ሥራ ነው፤ ከፈለጋችሁ መጥቼ እሠራላችኋለሁ።

ስለ ክብደት በአጭሩ። የአንዱን መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ መዘንኩት። የመጀመሪያው ገጽ ብቻ 23 ሜጋባይት ነው። ከካሜራ እንደወጡ የተጫኑ ፎቶዎች ናቸው፣ ከ5ቱ 4ቱ ሪቫን ሲቆረጥ የሚያሳዩ። ተማሪው የዕለት ፓኬጁን ገዝቶ፣ ፎርሙ ጋ ሳይደርስ ግማሹን ለሪቫኑ ይከፍላል። እነዚያ ፎቶዎች በአንድ ደቂቃ ሥራ አንድ ሜጋባይት ውስጥ ይገባሉ።

ይህም አለ። አንዳንዱ ፎርም ማክሮ (በፋይሉ ውስጥ የተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም) ያለበት ኤክሴል ስለሆነ በማይክሮሶፍት ኦፊስ ካልሆነ አይሠራም። በነጻው ሊብሬ ኦፊስ ሲከፈት ይሰባበራል። ማን ነው እዚህ ሰፈር ኦፊስ በገንዘቡ የገዛ? ሁሉም ክራክ ነው። በክራኩ ቫይረስ ይገባል፣ ቫይረሱ በፍላሽ እናንተው ቢሮ ይመለሳል። ተገልጋዩ የመንግሥት ፎርም ለመሙላት የተሰረቀ ሶፍትዌር መጫን ግድ ሆኖበታል። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። እዚህ ከምንጠግናቸው ማሽኖች ብዙዎቹ ዊንዶውስ 11ን አይሸከሙም። እኔ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ነጻ ሲስተም እጭንባቸዋለሁ፤ አሮጌው ላፕቶፕ ነፍስ ይዘራል። ያንን ኤክሴል ሲከፍት ግን ልፋቴ ሁሉ ገደል ይገባል። ክፍት ሶፍትዌር፣ ማለትም ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሶፍትዌር፣ ለመንግሥት አይሆንም የምትሉ ካላችሁ፣ ፋይዳ ራሱ የቆመው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ሶፍትዌር ላይ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

የመጨረሻው ከሁሉም የከበደው ነው። «ሲስተም የለም።» ይህን ቃል ከእናንተ ነው የተማርነው። ሲስተም ሲጠፋ እናንተ ቁጭ ትላላችሁ፣ እኛም ቁጭ እንላለን። ቀነ ገደቡ ግን ቁጭ አይልም።

ኢንተርኔት ጭራሽ ሲቋረጥስ? ከሰኔ 23 ቀን 2012 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጧል። በክልላችን ደግሞ በ2015 ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት ጠፍቶ ለወራት አልተመለሰም። ለምን ተቋረጠ የሚለውን ለሌላ ደብዳቤ እተወዋለሁ። እዚህ የምለው ይህን ነው፤ በዚያው ጊዜ «ኦንላይን ብቻ» የሚሉ ማስታወቂያዎች ይወጡ ነበር። ኬብል ኢንተርኔት ያለበት ቤት ሰልፉ መንገድ ላይ ደርሶ ነበር። ሰነዱን በፍላሽ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ በአውቶቡስ የላከም አለ። ሹፌሩ ፍላሹን በሸሚዝ ኪሱ ይዞ ይሄዳል፣ ዘመድ ከመነኸሪያ ተቀብሎ ይልከዋል። ያኔ በቀልድ «ፈጣኑ ኔትወርካችን» እንለው ነበር። ቀነ ገደብ ያለፈባቸው ግን ብዙ ናቸው። ባልደረባዬ የሁለት ልጆችን ማመልከቻ ሞልታ፣ «ላክ» የሚለው ላይ ደርሳ ቀርታለች። ፋይሎቹ እስከ ዛሬ ዴስክቶፗ ላይ አሉ። አጥፊያቸው ብላት እምቢ ትላለች።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው።

ማስታወቂያው ይነሣልን። በምትኩ ፎርሙ ላይ «የሞላለት» የሚል ቦታ አስገቡ፤ የንግድ ፈቃድ ቁጥራችንን እንጽፍበታለን። ፈቃድ አለን፣ ግብር እንከፍላለን። ያጭበረበረ ካለ በቁጥሩ ያዙት። ሰው በስልኩ በሚመጣ ኮድ ብቻ ገብቶ ጉዳዩን እንዲያይ አድርጉ፤ ኢሜይልና ፓስወርድ የግድ አይሁን። ያን ቀን ሦስቱንም ደብተሮች ሰው እያየ እናቃጥላለን።

ከእንግዲህ የሚወጣ ማንኛውም ፎርምና ማስታወቂያ በዩኒኮድ የተየበ ይሁን። ማኅተም ያለበትን ፎቶ መለጠፍ ካስፈለገ ይለጠፍ፣ ጽሑፉ ግን ከሥሩ ይኑር። ጸሐፊዎቻችሁን የሚያለማምድ ካጣችሁ እኛ አለን፤ አንድ ቅዳሜ ይበቃናል፣ ክፍያ አንጠይቅም። ጳጉሜን ወደ ወሮች ዝርዝር ትመለስ። ሰዓት ሲጻፍ «ከጠዋቱ» ወይም «ከቀኑ» ይባል። ስም በአማርኛም ይያዝ።

ሲስተም በጠፋ ወይም ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር ቀነ ገደቡ በዚያው ልክ እንዲራዘም በጽሑፍ ይወሰን። ቢያንስ አንድ የወረቀት መስኮት ክፍት ይቆይ። በተለይ ከገጠር ለሚመጣ።

አዲስ ሲስተም ከመመረቁ በፊት ደግሞ የሠራው ባለሙያ አንድ የገበያ ቀን እኛ ጋ ይዋል። ወንበር እንሰጠዋለን፣ ቡናውም ከእኛ። ሰው ሲመጣ እሱ ይሙላ፣ እኛ እናያለን።

መልሳችሁን በር ላይ ብትለጥፉትም ይደርሰናል። ኮፒ የሚደረገው እኛ ጋ ነው።

ከሰላምታ ጋር፣

በደሴ ከተማ በኮፒ ቤት፣ በጽሕፈትና በኮምፒውተር ጥገና የተሠማራን ሠራተኞችን በመወከል፣
አንድ የኮምፒውተር ጠጋኝ

ግልባጭ፦
ለፎርሞቹ ፕሮግራመሮች
ማስታወቂያውን ለተየበችው ባልደረባችን